ቤተ ክርስቲያን በሌለበት አገር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በዐረብ አገራት በቤት ሠራተኝነት ካሉ እኅቶችና ከቤተሰቦቻቸው የመጡ ናቸው። የጠያቂዎቹን ስም ትተናል፤ ረዘም ያሉትንም አሳጥረናል። መልሶቹ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት የተከተሉ ናቸው። የእያንዳንዱ ሰው ቀኖና ግን የንስሐ አባቱ ጉዳይ ነው፤ እኛ ልንተካው አንችልም።

ጥያቄ፦ ሪያድ ከገባሁ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የራሴ ክፍል የለኝም፤ የምተኛው ልጆቹ ክፍል ወለል ላይ ነው። ማዳም ስልኬን ትፈትሻለች። ውዳሴ ማርያሜን ኤርፖርት ላይ ፈርቼ ለእኅቴ መለስኩላት። አሁን ማታ ተኝቼ አቡነ ዘበሰማያት ስጀምር ሳልጨርሰው እንቅልፍ ይወስደኛል። እምነቴ የቀዘቀዘ ይመስለኛል። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ማታ አትጀምሪ። ከንጋት 11 ሰዓት ጀምሮ ቆማ የዋለች ሰው ጋደም ብላ ጸሎት ስትጀምር እንቅልፍ ቢወስዳት ድካም ነው እንጂ ክህደት አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የምታውቃቸው የጸሎት ጊዜያት ሰባት ናቸው፤ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። ሰባቱን በሰው ቤት እጠብቃለሁ ብላ የተነሣች ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ሳምንት ሁሉንም ትተዋለች። አንቺ ሁለቱን ያዢ። አንዱ ነግህ ነው፤ የቤቱ ሰው ከመነሣቱ 10 ደቂቃ በፊት። ሁለተኛው ተሰዓት፣ ማለት 9 ሰዓት፣ በእነርሱ አቆጣጠር ከቀኑ 3። በዚያ ሰዓት የምሳ ዕቃ ታጥቦ አብዛኛው ቤት ያሸልባል። ጌታችንም በመስቀል ላይ ነፍሱን የሰጠበት ሰዓት ስለሆነ ለማስታወስ አይከብድም።

ቅደም ተከተሉ አጭር ነው። አማትበሽ በስመ አብ፣ ቀጥሎ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖት። ሳትቸኩዪ ብታደርሺው አራት ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" 41 ጊዜ። መቁጠሪያ ከሌለሽ ወይም ቢታይ የሚያጣላሽ ከሆነ የግራ እጅሽን አንጓዎች ቁጠሪ፤ በአራቱ ጣቶች ሦስት ሦስት፣ በአውራ ጣት ሁለት፣ በድምሩ 14 ናቸው። ሦስት ዙር ሄደሽ የመጨረሻዋን አንጓ ስትተዪ 41 ይሆናል። ዕቃ እያጠብሽም ልብስ እየተኮስሽም ይቆጠራል። ስግደት የሚያጣላሽ ከሆነ ቆመሽ ራስሽን ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

መጽሐፉን ስለመለስሽው አትጸጸቺ፤ ማንም ሊወስድብሽ የማይችለው የቃል ጥናት ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ቤት ትደውያለሽ እንበል። እኅትሽ ከመዝሙረ ዳዊት ሁለት ሁለት ቁጥር ታንብብልሽ፣ አንቺ ሦስት ጊዜ ድገሚላት፤ ሳምንቱን ሙሉ ያችን ብቻ በይ። "እግዚአብሔር እረኛዬ ነው"፣ "በልዑል መጠጊያ የሚኖር"፣ "ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ" እና "አቤቱ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ" አንድ ላይ 49 ቁጥር ናቸው። በዚህ አካሄድ በስድስት ወር አራቱም አፍሽ ውስጥ ይገባሉ። የመዝሙሩን ቁጥር ስትጠይቂ ተጠንቀቂ። የግዕዙ ዳዊትና ስልክ ላይ ያለው 66ቱ መጽሐፍ ቅዱስ በአብዛኛው መዝሙር ላይ በአንድ ይለያያሉ፤ ዳዊቱ 50 የሚለውን ያኛው 51 ይለዋል። በመጀመሪያው ቃል ብትጠሪው ይሻላል።

ዳዊት በእጃችሁ ያለ እኅቶች ደግሞ ንጉሡን ተጠቀሙ። 150ው መዝሙር በዐሥር ዐሥር ተከፍሎ 15 ንጉሥ ነው። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ በቀን አንድ ንጉሥ የሚደግም ሰው በወር ሁለት ጊዜ ይዘልቀዋል። ዕልባት እንኳ አያሻም፤ ዛሬ ወር በገባ በ7 ከሆነ ሰባተኛው ንጉሥ፣ በ20 ከሆነ 15 ቀንሶ አምስተኛው ነው። በ12 እና በ27 ቀን ግን 176 ቁጥር ያለው ረጅሙ መዝሙር ይመጣል፤ ያን ቀን ግማሹን ለነግህ ግማሹን ለተሰዓት አድርጉት። መስኮት በሌለው ክፍል ምሥራቅ የጠፋት የቤቱ ሰዎች የሚሰግዱበትን ሰጋጃ ትይ። ሪያድና ዱባይ ሰጋጃው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ስለሚዞር ጀርባው ወደ ምሥራቅ ያመላክታል። ጅዳ ግን መካ በስተ ምሥራቅ ስለሆነች ያው ሰጋጃው የዞረበት ነው።

የምንጨምረው አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በሳዑዲ አንድም ቤተ ክርስቲያን የለም፤ ክርስቲያኖች በግል ቤት ለጸሎት መሰብሰባቸውም ሊያሳስር ይችላል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2011 ጅዳ ውስጥ በአንድ ቤት ለጸሎት የተሰበሰቡ 35 ኢትዮጵያውያን፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ታስረው በኋላ ወደ አገራቸው ተባረዋል። የማታውቂያት ሰው "ጉባኤ አለ፣ ነዪ" ብትልሽ አለመሄድሽ ፍርሃት ተብሎ አይቆጠርብሽም።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነኝ፣ ሥራዬ ምግብ ማብሰል ነው። በሁዳዴ ጨው ለመቅመስ እገደዳለሁ። ምግባቸውም ሁሉም ነገር ውስጥ ቅቤ አለበት። ዘንድሮ ደግሞ ረመዳን አብሮ ገባ። ጾሜን አፍርሻለሁ ማለት ነው?

መልስ፦ በ2018 ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ነው የገባው፤ ረመዳንም በዚያው ሳምንት። 2017 ላይም እንዲሁ ነበር። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚገባ መገጣጠሙ አይዘልቅም። ሲገጣጠም ግን ብዙዎች እንደሚያማርሩት ክፉ ብቻ አይደለም፤ ለአንድ ወር ያህል ቤቱ ሁሉ ጾም ምን እንደሆነ ያውቃል። "አና ሳይማ" (ጾመኛ ነኝ) ስትዪ የማትረዳ ማዳም የለችም። ቀጥለሽ "ቢዱን ለሕም፣ ቢዱን ሐሊብ፣ ቢዱን በይድ" በይ፤ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ማለት ነው። ይህን በጾሙ ዋዜማ ተናገሪ እንጂ ማዕድ ላይ ቀርቦልሽ እንቢ አትበይ። ማዕድ ላይ ሲሆን ምግባቸውን የናቅሽ ይመስላቸዋል፤ ጠቡም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

መቅመሱን በመስፈር ተኪው። የቡና ስኒ ወይም የሻይ ማንኪያ አንድ ለይተሽ ያዢና በፍስክ ቀን መጠኑን እወቂው። ለ2 ኩባያ ሩዝ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ለአብዛኛው ቤት ይስማማል፤ ለወጡም በድስቱ ልክ ለሁለት ሳምንት እየጻፍሽ አስተካክዪ። ከዚያ ወዲያ አትቀምሺም። ማጊ ካስገባሽ ጨውን በግማሽ ቀንሺ፤ ማጊው ራሱ ጨው ነው። ረመዳን ላይ እነርሱም ቀን ስለማይቀምሱ በዚህ ማንም አይደነቅም። ሳታስቢው እጅሽ ወደ አፍሽ ቢሄድ ትፊውና ለንስሐ አባትሽ ትነግሪያለሽ። በዚያች ማንኪያ ምክንያት "ጾሜ ፈረሰ" ብሎ ቀሪውን 40 ቀን መብላት ግን በጣም የተለመደ ስሕተት ነው፣ ትልቁም እርሱ ነው።

በጾም ስም የሚያታልሉ ምግቦች አሉ። ሩዙ በሰምን (በነጠረ ቅቤ) ይታሻል። የምስር ሾርባው የዶሮ ማጊ ይገባበታል። ለስላሳው ዳቦ ብዙ ጊዜ ወተት አለበት፤ ስሱ ኹብዝ ግን በአብዛኛው ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾና ጨው ነው። ከረክ ሻይ በወተት ነው የሚፈላው። ፉል፣ ሑሙስ፣ ምስር፣ ተምር፣ ሰላጣ፣ በዘይት የተጠበሰ ድንችና በድንጃን (ደበርጃን) ጾም ናቸው። ዘዴው ቀላል ነው፤ ምስሩን በውሃ፣ በሽንኩርትና በዘይት ቀቅለሽ የአንቺን አንድ ሳሕን አስቀድመሽ ታወጫለሽ፣ ማጊውንና ሰምኑን በቀረው ላይ ትጨምሪያለሽ። የተለየ ድስት አልጣድሽ፣ ማንም አልተቀየመ። ምስር በልተሽ ወዲያው ሻይ አትጠጪ፤ ሻይ የምስሩን ብረት ሰውነትሽ እንዳይወስደው ያግዳል። አንድ ሰዓት አቆዪው፣ ምስሩ ላይ ሎሚ ጭመቂበት። 55 ቀን ቆመው እየሠሩ የሚጾሙ ሴቶችን የሚያዞራቸው አንዳንዴ የደም ማነስ ነው። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባና የታመመች ሴት በጾሙ እንደማትገደድ ሥርዓቱ ራሱ ያውቃል።

ሰዓቱን በሚመለከት፣ በረመዳን ቀን በ9 ሰዓት መብላት በቤቱ የሚከለከል ከሆነ ከእነርሱ ጋር በመግሪብ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ፍቺ። በተምርና በውሃ ነው የሚጀምሩት፤ እርሱ ደግሞ ለአንቺም ጾም ነው። የጾም መግቢያ ቀን ከጠፋብሽ የግብፅ ኦርቶዶክሶችን ጠይቂ፤ ፋሲካችንም፣ ዐቢይ ጾምም፣ ጾመ ነነዌም፣ የነሐሴ ፍልሰታም ከእነርሱ ጋር በአንድ ቀን ነው።

ጥያቄ፦ ገና እንደደረስኩ ማዳም ስሜን ቀይራ በዐረብ ስም ትጠራኛለች። ቀጥላ ማተቤን በጥሺ አለችኝ። ስሙን ዝም አልኩ፣ ማተቡን እንቢ አልኩ። ልክ ነኝ? (ከኩዌት)

መልስ፦ የዳንኤልን ምዕራፍ 1 አንብቢ፤ ያንቺው ቤት ነው። ባቢሎን ሲደርሱ አራቱም ስማቸው ተለወጠ፤ ዳንኤል ብልጣሶር፣ ሦስቱ ደግሞ ሲድራቅ፣ ሚሳቅና አብደናጎ ተባሉ። በስሙ ሲሟገቱ አናይም፤ የከለዳውያንንም ቋንቋ ተምረዋል። መስመሩን ያሰመሩት ማዕዱ ላይ ነው፣ በኋላም ስግደቱ ላይ። ማዕዱንም እንቢ ሲሉ ጃንደረባውን ተሳድበው ሳይሆን "ዐሥር ቀን ፈትነን" ብለው ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን እስከ ዛሬ ሠለስቱ ደቂቅን አናንያ፣ አዛርያ፣ ሚሳኤል ብላ ነው የምትጠራቸው፤ ታኅሣሥ 19 ቅዱስ ገብርኤል ሲነግሥ የምትሰሚው ይህንኑ ነው። ለመቁረብ ስትቀርቢ ካህኑ የሚጠራሽ በክርስትና ስምሽ ስለሆነ፣ ማዳም ያወጣችልሽ ስም እዚያ አይደርስም።

ማተቡን እንቢ ማለትሽን እናከብራለን። በዱላና በመቀስ የተበጠሰባት እኅት ካለች ደግሞ ጥፋቱ የበጠሰው ነው። ማተብ የጥምቀት ምልክት ነው፤ ምልክቱ ቢቆረጥ ጥምቀቱ አይቆረጥም። መሃል መንገድ ከፈለግሽ ክሩን አጥብቀሽ ከማሰር ረዘም አድርገሽ ከልብስ ውስጥ እንዲወርድ አድርጊው። ብዙ ጊዜ ጠቡን የሚያስነሣው እንግዳ ፊት መታየቱ ነው።

ጥያቄ፦ በፍስክ ቀን የእስላም ሥጋ መብላት ይፈቀዳል? ሌላ ሥጋ እዚህ የለም።

መልስ፦ በአገራችን ልማድ ክርስቲያኑ በስመ አብ ተብሎ የታረደውን ብቻ ይበላል፤ ሙስሊሙም በበኩሉ እንዲሁ። በስደት ላሉ ግን የንስሐ አባቶች አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም፤ ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ካልጠየቅሽ አሁን ጠይቂ። እስከዚያው እንቁላል፣ ወተት፣ እርጎና ዓሣ አሉልሽ፤ ሥጋ ሳይበሉ ሁለት ዓመት መኖር ይቻላል። አብራሽ ያለችው ሐበሻ ብትበላ ግን አትፍረጂባት። በዚህ ጉዳይ እኅትማማቾች ሲኮራረፉ የሚጽፉልን ደብዳቤ ከሥጋው በላይ ያሳዝነናል።

ጥያቄ፦ ጅዳ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ስድስተኛው ወር ላይ "ካልሰለምሽ ደመወዝ የለም" ብለው ሸሃዳ (የእስልምናን የእምነት ቃል) አስባሉኝ፤ አንድ ቢሮ ወስደውም የማላውቀው ወረቀት ላይ አስፈረሙኝ። አሁን አገሬ ገብቻለሁ። እንደገና መጠመቅ አለብኝ? ቄሱ ፊት መቆም አፈርኩ።

መልስ፦ አትጠመቂም። በጸሎተ ሃይማኖት "በአንዲት ጥምቀት እናምናለን" ስንል ጥምቀት አይደገምም ማለታችን ነው። ያንቺ ዓይነት ጉዳይ ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከግራኝ ጦርነት በኋላ ብዙ ሕዝብ ሃይማኖቱን በሰይፍ ለውጦ ሊመለስ ሲመጣ የተቀበለችበት የራሱ ሥርዓት አላት፤ መጽሐፈ ቄድር ይባላል። ካህኑ በውሃ ላይ ጸሎቱን ደግሞ ይረጭሻል ወይም ያጠምቅሻል፤ መጠመቅ የሚለውን ቃል ሰምተው ሁለተኛ ጥምቀት የሚመስላቸው አሉ፣ አይደለም።

የምታደርጊው ይህ ነው። በአጥቢያሽ ካፈርሽ ሌላ ደብር ሄደሽ አንድ ካህን ለብቻው እንዲያነጋግርሽ ጠይቂ። አራት ነገር ብቻ ንገሪው፤ ምን እንዳልሽ፣ ተገደሽ ወይስ ወደሽ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ጾምና ጸሎትሽ ምን እንደነበረ። በግድ የተባለና በፈቃድ የተባለ በቀኖናው አንድ አይደሉም፣ ስለዚህ አሳንሰሽም አጋነሽም አትናገሪ። እርሱ ቀኖና ይሰጥሻል፣ ቄድሩን ያደርስልሻል፣ ከዚያ ሥጋ ወደሙ። ሦስት ጊዜ የካደው ጴጥሮስ የት እንደደረሰ ታውቂያለሽ።

ከዚህ ሌላ የሕግ ነገር አለ። በሳዑዲ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ላይ ሃይማኖት ይመዘገባል፤ ከእስልምና መውጣትም በዚያ አገር ወንጀል ነው። ስለዚህ ታሪክሽን በፌስቡክና በቲክቶክ አትተርኪ፤ ወደዚያው አገር ልመለስ ካልሽም ይህን አስበሽ ይሁን። ገና ላልሄዱት ደግሞ፦ ደላላ "በሙስሊም ስም ላውጣልሽ፣ ቶሎ ያልቃል" ሲል የሚጀመረው ይሄ ነው። እዚያ ስትደርሺ በወረቀት ሙስሊም ነሽ፤ ስትጾሚ ስትጸልዪ ያዩሽ ከሃዲ ሊሉሽ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ከፊሌ (አሠሪዬ) ዕረፍት አይሰጠኝም። ቤተ ክርስቲያን ባለበት አገር ሆኜ ሦስት ዓመት አልቆረብኩም። (ከኩዌት)

መልስ፦ ሕጉ ከአንቺ ጋር ነው። በኩዌት እ.ኤ.አ. የ2015 ሕግ ቁጥር 68 ለቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ይሰጣል፣ ፓስፖርት መያዝንም ይከለክላል። ኳታር በ2017ቱ ሕግ ቁጥር 15፣ ኤምሬትስ በ2022ቱ ሕግ ቁጥር 9 የሳምንት ዕረፍት ደንግገዋል። ይሁን እንጂ ሕግ ጠቅሰሽ አትጀምሪ። በወር አንድ ዓርብ ግማሽ ቀን ጠይቂ፤ ኩዌት ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ጊዜ ዓርብ የሚቀድሱት የዕረፍት ቀን ስለሆነ ነው። ዓርብ ደግሞ እንግዳ የሚበዛበት ቀን በመሆኑ የሐሙስ ማታውን ሥራ ጨርሰሽ ካሳየሽ በኋላ ጠይቂ። ለመቁረብ ከ18 ሰዓት በፊት ጀምሮ እህልና ውሃ አይቀመስም፤ ቅዳሴው ጠዋት ከሆነ ሐሙስ ከቀትር በኋላ መጀመር አለብሽ። ንስሐሽን አስቀድመሽ ጨርሺ። ከንስሐ አባት ጋር በስልክ ምክር መቀበል ይቻላል፤ ኃጢአትን በድምፅ መልእክት ቀድቶ መላክ ግን የሚፈተሽ ስልክ ላላት ሴት አደጋ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ቤሩት ናት። ሰባት ወር ደመወዝ አልከፈሏትም፣ ይመቷታልም። ስትደውል "ታገሺ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያያል" እላታለሁ። ተስያለሁም። ሌላ ምን ልበላት? (ከደሴ)

መልስ፦ እናታችን፣ "ታገሺ" የሚለውን ቃል ለጊዜው ያቆዩት። ስለ ስሙ ብሎ መከራ መቀበል አንድ ነገር ነው፤ ደመወዝ ተከልክሎ መመታት ሌላ ነው። የሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳይገባ እንዲከፈል ኦሪት ዘዳግም 24 ያዛል፤ ያዕቆብም በምዕራፍ 5 የተከለከለው ደመወዝ ይጮኻል ይላል። መሸሽም ነውር የለበትም። ጌታችን ራሱ በእናቱ ጀርባ ሆኖ ወደ ግብፅ ተሰዷል፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በጽጌ ማኅሌት የምንቆመው ይህን ስደት እያሰብን ነው። ልጅዎ ከዚያ ቤት ብትወጣ እምነት ጎደላት አይባልም።

ግን ሳትዘጋጅ በሌሊት አትውጣ። ሊባኖስ ውስጥ የቤት ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ አትሸፈንም፤ ከአሠሪዋ ቤት የጠፋች ሴትም የመኖሪያ ፈቃዷን ታጣለች። ሕይወቷ አደጋ ላይ ካልሆነ በቀር መጀመሪያ ወረቀቱን ይሰብስቡ። የአሠሪውን ሙሉ ስምና ስልክ፣ ሰፈሩንና የሕንፃውን ምልክት፣ የገባችበትን ቀን፣ ያልተከፈሏትን ወራት በዝርዝር፣ የኤጀንሲውን ስም በሁለቱም አገር፣ የፓስፖርቷንና የውሏን ኮፒ። ይህን ይዘው እርስዎ እዚህ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ያመልክቱ፤ እርሷ ወይም የምታምናት ሰው እዚያ ቤሩት ላለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ታድርስ። ከቀጥታ ጉዳት የምትፈራ ከሆነ ግን ወረቀት አትጠብቅ፣ ትውጣ።

ስለ ስለቱ፣ ያሉትን ይስጡ እንጂ ሌላ አይጨምሩበት፤ ልጅዎ በሰማች ቁጥር ዕዳ ይመስላታል። በስልክ ላይ ስለ ብር የሚነገርበትንና ስለ እርሷ የሚነገርበትን ቀን ይለዩ። በሁለተኛው ቀን ስለ ገንዘብ አንዲት ቃል አይውጣዎት። ምን እንደበላች፣ የት እንደምትተኛ፣ ማን እንደመታት ይጠይቋት፤ ስትነግርዎም ቀኑንና የሆነውን ወረቀት ላይ ይጻፉት።